በስቅለት ዕለት ያሸሁት እግር

ሰው እጄን ይመርቅልኝ ነበር። ወገቡን የያዘው፣ አንገቱ አልዞር ያለው፣ ቁርጭምጭሚቱ ወለም ያለው ሁሉ ወደ እኔ ይላካል። ማሸት የተማርኩት ደሴ እያለሁ ከአክስቴ ነው። ዋጋ ጠይቄበት አላውቅም። «እጅሽ ይባረክ» ሲሉኝ «አሜን» እላለሁ፤ ያ ይበቃኛል። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚሁ እጅ ነው። ለመጻፍ ድፍረት እስካገኝ ከአንድ ዓመት በላይ ፈጅቶብኛል።

ጊዜው በእኛ አቆጣጠር 2010 ዓ.ም.፣ የዐቢይ ጾም መጨረሻ ነበር። አትላንታ ከገባን አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖናል። ዲቪ የደረሰው ባለቤቴ ታደሰ ከባድ መኪና ስለሚነዳ በሳምንት ሁለት ቀን ቤት ቢያድር ነው። እኔ ሳንዲ ስፕሪንግስ ውስጥ በአንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል እሠራለሁ። ስኮትዴል ውስጥ አፓርትመንት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከአንድ ልጃችን ከሶስና ጋር እንኖራለን። ሶስና ያኔ ሃያ አንድ ዓመቷ ነበር፤ ኮሌጅ ትማራለች። ሐኪም ቤት ስሄድ የምታስተረጉምልኝ እሷ ናት። እኔ ሦስት ቃል ስናገር እሷ ሦስት ደቂቃ ታብራራለች። ምን እያልሽ ነው ስላት «ማሚ፣ አንቺ ያላልሽውን ነው» ትለኛለች።

ከስቅለት አሥር ቀን ቀደም ብሎ ሶስናን ትኩሳት ያዛት። ክሊኒክ ሄዳ በአፍንጫዋ ናሙና ተወሰደላት፤ ፍሉ ነው ተባለ። ዕረፍት አድርጊ፣ ፈሳሽ በብዛት ጠጪ ብለው መለሷት። ለአምስት ቀን ትኩሳቱ አልለቀቃትም። ከአልጋ ወደ ሶፋ፣ ከሶፋ ወደ አልጋ እንጂ ሌላ እንቅስቃሴ አልነበራትም።

የታመመ ሰው ጾም እንደማይገደድ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ «ተይው ልጄ፣ ጠጪ» አልኳት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አልቀምስም አለች። አልደገምኩም። እውነቱን ልናገርና፣ በልቤ ኮርቼ ነበር። አሜሪካ ያደገች ልጄ ታማ እንኳ ጾሟን አልፈታችም ብዬ ለጓደኛዬ ለአልማዝ በስልክ ነግሬያታለሁ። ይህን የጻፍኩት ኑዛዜም ስለሆነ ነው።

በሕማማት ሰሞን ትኩሳቱ ለቀቃት። ሳሉ ግን ቀረ። የጸሎተ ሐሙስ ዕለት ከሶፋው ስትነሣ ቀኝ ባቷን ይዛ «ክራምፕ ነው መሰለኝ» አለች። ብዙ ስለተኛሽ ነው አልኳት። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ረሳነው።

ለስቅለት ኦፍ የምጠይቀው ከገና ጀምሮ ነው። በዚያ ቀን ከጠዋት እስከ አመሻሽ ይሰገዳል። ሶስና ከኋላዬ ነበረች። እስከ ቀትር ስትሰግድ ነጠላዋ ሲንሿሿ ይሰማኛል። ከዚያ በኋላ አልሰማኋትም። ዘወር ስል ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ገና ከሕመሟ አልጠነከረችም ብዬ ወደ ስግደቴ ተመለስኩ።

ሁሉም ሲያበቃ እግሩን የሚጎትተው ሰው ሁሉ ወደ አዳራሹ ወረደ። በየዓመቱ በዚያ ሰዓት ሴቶቹ ወንበር ደርድረው ይጠብቁኛል። አልማዝ ሁለት እግሯን ዘርግታ «ወደ ቤት የሚወስደኝ እግር ስጪኝ፤ ይህን እዚሁ ትቼው ልሂድ» አለች። ያን ዕለት አምስት ሴቶች አሸሁ። ሶስና በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝና «ማሚ፣ የኔን ቤት» አለችኝ።

ቤት ስንደርስ ገና አልጨለመም። ጾም ስለሆነ ቅቤ አላወጣሁም፤ የወይራ ዘይት አሙቄ ሶፋው ላይ አስተኛኋት። በግራ እግሯ ጀመርኩ። ደክሟል እንጂ ደህና ነበር። ቀኙን ስይዝ ባቷ ጠጥሯል። ይሞቃል። ቆዳው ተወጥሮ ያብለጨልጫል፤ ከግራው ይወፍራል።

«ቀስ በይ» አለችኝ።

የተቋጠረ ጅማት ሲጫኑት ነው የሚፈታው ብላ አስተምራኛለች አክስቴ። ስለዚህ አጠበቅሁ። በሁለት አውራ ጣቴ ከቁርጭምጭሚቷ እስከ ጉልበቷ ወደ ላይ ገፋሁ። ሶስና ትራሱን ነከሰች። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ጨርሼ ባቷን በነጠላዬ ጠበቅ አድርጌ አሰርኩላት። እጄ የነገረኝ ነገር ነበር። እኔ አልሰማሁትም።

በማግስቱ፣ ቀዳም ሥዑር፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ አልማዝ ቄጤማ ልንቀበል በመኪናዋ ልትወስደን መጣች። እኔ ያኔ መንዳት አልችልም ነበር። ሶስና ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ቀድማኝ ወረደች። በሩን ቆልፌ ስከተላት ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች።

ምን ሆንሽ አልኳት። እጇን አንሥታ ቆይ አለችኝ። መናገር አልቻለችም። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ደረጃ መውረድ ሰውን ያደክማል ብዬ አስቤ አላውቅም። ደረቷ ላይ እጄን አደረግሁ። ልቧ የሚመታበትን ፍጥነት ልቆጥረው አልቻልኩም።

አልማዝ ከታች ሆና ትጣራለች። «ስግደቱ ነው! እኔም እንደ ሕፃን ቁጭ ብዬ እየተንፏቀቅሁ ነው ከቤቴ የወጣሁት» አለች እየሳቀች። ደርሳ የሶስናን ከንፈር ስታይ ሳቋ ቆመ። ቀለሙ ወደ ግራጫ ተለውጧል።

«መጀመሪያ ወደ አባ እንውሰዳት?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«አባን በስልክ ንገሪያቸው። እኛ ወደ ሆስፒታል ነን።»

ዲኬተር አጠገብ ወዳለ ሆስፒታል ወሰደችን። መንገዱ አሥራ አምስት ደቂቃ አይሞላም። ከቦርሳዬ ጸበል አውጥቼ ከንፈሯን አረጠብኩላት። አልማዝ በቀይ መብራት በቆመች ቁጥር መሪውን በጣቷ ትመታለች።

ድንገተኛ ክፍል ገብተን ነርሷ ምን ሆና ነው ስትለኝ፣ ዞር ብዬ ያየሁት ልጄን ነበር። እንደ ልማዴ ልታስተረጉምልኝ። ሶስና ዓይኗን ጨፍናለች። በራሴ እንግሊዝኛ፣ ፍሉ ነበራት፣ ትጾማለች፣ ትናንት ቀኑን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ሰግዳ ደክማ ነው አልኩ። ነርሷ ጻፈች። ከዚያ የኦክስጅን መለኪያውን ጣቷ ላይ ሰካች። ቁጥሩን አየች። ነቅላ ሌላ ጣት ላይ ሞከረች። ቀጥሎም ተሽከርካሪ አልጋ ጠራች።

መጋረጃ ባለው ክፍል ውስጥ የኦክስጅን ጭንብል አደረጉላት፤ ክንዷ ላይ ፈሳሽ ሰቀሉላት፤ ደረቷን ኤክስሬይ አነሷት። አንድ ወጣት ሐኪም መጥቶ ሳንባዋ ንጹሕ ነው፣ ምናልባት ከፍሉው አላገገመችም፣ ውኃም ጎድሏታል ብሎኝ ሄደ። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። አልማዝን ወደ ቤተ ክርስቲያን ላክኋት። ግን ጭንብሉ ተደርጎላትም ልጄ ትንፋሿን እያሳደደች ነበር።

ከዚያ ሌላ ዶክተር መጣች። ፀጉሯ ሽበት የቀላቀለ፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። የአማርኛ አስተርጓሚ ያለበትን ስልክ ይዛ ነው የገባችው። ስልኩን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠችው። በዕድሜ የገፉ ሰው ድምፅ ነበር።

«እንደምን አደሩ እናቴ። አስተርጓሚ ነኝ። ሐኪሟ የምትለውን ልክ እንደ እሷ ሆኜ ነው የምናገረው፤ እርስዎም የሚሉትን አንድም ሳላጎድል አስተላልፋለሁ።»

ዶክተሯ ተናገረች፤ እሳቸው ቀጠሉ። «የሳንባዋ ፎቶ ንጹሕ ነው። ንጹሕ ከሆነ ኦክስጅኗ ይህን ያህል ሊወርድ አይገባም። የተሟላ መልስ አላገኘሁም። እግሯን ያማታል?»

ሶስና ከእኔ ቀድማ በጭንብሉ ውስጥ በእንግሊዝኛ መለሰች። የሁላችንንም እግር ያመናል፣ ትናንት ስቅለት ነበር አለች። ትንሽም ፈገግ አለች። ዶክተሯም ፈገግ ብላ ወደምትጽፍበት ወረቀት ጎንበስ አለች።

እኔ እጄን አየሁ። ጥፍሬ ሥር የትናንቱ ዘይት ነበር።

ሶስና አልዋሸችም። ሁለቱንም እግሯን እንደሚያማት ነው የሚሰማት፤ የሰገደ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው። አንደኛው እግር ከሌላው የተለየ መሆኑን የሚያውቀው የእኔ እጅ ብቻ ነው። ልናገር ብዬ አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ስልኩ ውስጥ ያሉት ሰው አበሻ ናቸው። ምናልባት ትናንት አብረውን የሰገዱ። ልጇን ያሸች ወጌሻ ሊሉኝ ነው። ከኀፍረቱ የባሰም ነበር። ከተናገርኩና ነገሩ እንደፈራሁት ከሆነ፣ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን ኪሷ ውስጥ ከተተች። ልትወጣ ነው።

«አባቴ» አልኩ ወደ ስልኩ። «ይንገሩልኝ። ሁለቱም እግሯ አይደለም። ቀኙ ብቻ ነው ያበጠው። ይሞቃል፤ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል።»

አስተረጎሙ። ዶክተሯ ተመለሰች። «መቼ ጀመረ?»

ያኔ ነው ሐሙስ ትዝ ያለኝ። «ሐሙስ። ከስግደቱ በፊት።»

«ማበጡን እንዴት አወቁ?»

«አሽቼዋለሁ። ትናንት። በኃይል።»

«ይቅርታ እናቴ፣ ይድገሙልኝ» አሉ። እንደሰሙኝ አውቃለሁ። ደገምኩት።

ዶክተሯ አንሶላውን ገለጠች። ነጠላዬ አሁንም ባቷ ላይ እንደታሰረ ነው። በቀስታ ፈታችውና ሁለቱን እግሮች ጎን ለጎን አደረገቻቸው። በሜትር ለካቻቸው እንጂ መለካት አያስፈልግም ነበር። ከዚህ በኋላ ይህን እግር ማንም እንዳይነካው አለች። በሩ ላይ ቆማ ሁለት ሰው ጠራች። ደም የሚያቀጥነውን መድኃኒት የሲቲ ስካኑን ውጤት ሳትጠብቅ አሁኑኑ እንደምትጀምር ነገረችኝ። አነጋገሯ አልፈጠነም፤ እግሯ ግን ፈጥኗል።

ሶስና ሐኪሞቹ የሚጠሩትን የሕክምና ቃል አልለመደችውም። ወደ እኔ ዞራ «ማሚ፣ ምንድን ነው ያለችው?» አለችኝ። በሕይወቷ እንዲህ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም።

«ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ሊያዩሽ ነው። እኔ እዚሁ ነኝ።»

አልጋዋን እየገፉ ወሰዷት። ጎማው በኮሪደሩ ዞሮ እስኪጠፋ ቆምኩ። ታደሰ ጋ ደወልኩ። ቴነሲ ውስጥ ነበር። በአጭሩ ነገርኩት።

«ጸልይ» አልኩት።

«መኪናውን የማቆምበት ካገኘሁ እጸልያለሁ። እስከዚያ አንቺ የኔንም ጨምሪ።»

የኔን መጨመር አቃተኝ። ከሐሙስ ማታ ጀምሮ አክፍዬ ነበርና እህል አልቀመስኩም። ሌላ ጊዜ ጸሎት የሚቀለኝ በዚያ ሰዓት ነበር። ያን ቀን «ጌታ ሆይ፣ እጄን» ካልኩ በኋላ ቀጣዩ ቃል አልመጣልኝም።

ዶክተሯ ስትመለስ ስልኩን ይዛ ነው። ያው ሽማግሌ ነበሩ። ባቷ ውስጥ ባለው ደም ሥር ደም ረግቷል። ከዚያ የተቆረሰው ተጉዞ የሁለቱንም ሳንባዎቿን የደም መተላለፊያ በከፊል ዘግቷል። የልቧም አንዱ ጎን ተጨናንቋል። ሳንባዋ ራሱ ንጹሕ የሆነው ለዚህ ነው። ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ትሄዳለች።

«ትድናለች?» አልኩ።

«መድኃኒቱ እየገባላት ነው። እርግጠኛ የምሆነው ግን ነገ ጠዋት ነው።»

ከዚያ የፈራሁትን ጠየቅሁ። «እጄ ነው?»

ዶክተሯ ወንበር ስባ ከፊቴ ተቀመጠች። በየመሐሉ ቆም እያለች ተናገረች፤ ሽማግሌው እየተከተሏት አስተረጎሙ። አሁንም ቃሏ በጆሮዬ አለ።

«የረጋውን ደም እጅዎ አልሠራውም። ልጅዎ ፍሉ ነበራት። ሰውነት ቫይረስ ሲገባበት ሊዋጋ ይነሣል፤ ይቆጣል። እኛ ብግነት እንለዋለን። ቁጣው በጉሮሮና በሳንባ ብቻ አይቀርም። በደም ይዞራል፤ የደም ሥሮችን የውስጥ ግድግዳ ያስቆጣል። ደሙም ቁስል እንዳገኘ ሁሉ ለመርጋት ይዘጋጃል። በአብዛኛው ሰው ላይ ጉዳት ሳያደርስ ያልፋል። ልጅዎ ግን በዚህ ላይ ሳምንት ሙሉ ተኝታለች፤ ውኃም ትንሽ ነበር የምትጠጣው። ፍሉው ብቻውን ነው ብዬ አልምልም። አስተዋፅኦ አድርጓል ብዬ ግን አምናለሁ።»

«ማሸቴስ?»

«የረጋ ደም ሲታሽ ተቆርሶ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ አይታሽም። የእርስዎ ማሸት ይሁን፣ ስግደቱ ይሁን፣ ወይም ከዚያ በፊት የሄደ ይሁን፣ ማንም ሊያውቅ አይችልም። እኔም አላውቅም። ባይነግሩኝ ኖሮ ግን እስካሁን ሌላ በሽታ እየፈለግሁ ነበር።»

ጉልበቴን መታ መታ አድርጋኝ ወጣች። ስልኩ ገና አልተዘጋም።

«እናቴ» አሉ ሽማግሌው። «ሥራዬ አልቋል። የራሴን ቃል መጨመር አይፈቀድልኝም። እግዚአብሔር ልጅዎን ይማርልዎት።»

«አሜን» ሳልል ተዘጋ። ስማቸውን አላውቅም። በየጸሎቴ ግን «ያን አስተርጓሚ» እላለሁ፤ እግዚአብሔር ያውቃቸዋል።

የቀረው ቀን የቁጥር ቀን ነበር። ከአልጋዋ በላይ ያለው ሰሌዳ ላይ አንዱ ቁጥር ልቧ፣ አንዱ ኦክስጅኗ ነው። አንዴ ከሰዓት በኋላ የኦክስጅኑ ወረደና ማሽኑ ጮኸ። ሁለት ነርሶች ገቡ፤ እኔን በክንዴ ይዘው ወደ ግድግዳው አቆሙኝ። አንደኛዋ አስተነፋፈሷን እያየች ጭንብሉን ለወጠችላት። ቁጥሩ ቆመ። ቀስ ብሎ አንድ ጨመረ። ከዚያ ሌላ አንድ። ታደሰ ሲደርስ በዚያው ቆሜ አገኘኝ። ከጎኔ ቆሞ አብሮኝ ሰሌዳውን አየ።

የፋሲካ ጠዋት ዶክተሯ መጥታ አዳመጠቻት። የልቧ መጨናነቅ ቀንሷል አለች። አደጋው ገና ሙሉ በሙሉ አላለፈም፤ ትልቁ ግን አልፏል አለች።

ለሶስና ቁርስ መጣላት፤ ትሪው ላይ አንድ የተቀቀለ እንቁላል ነበር። ጭንብሉ ተነሥቶላት በአፍንጫዋ ቀጭን ቱቦ ብቻ ነው ያላት። እንቁላሉን በፕላስቲክ ቢላ ለሦስት ከፈለችው።

«ማሚ፣ ፋሲካ ነው አይደል? እንኳን አደረሰሽ። ፍቺ።»

ያን ዓመት የፈሰክሁት በዚያ ቁራሽ እንቁላል ነው።

ከአምስት ቀን በኋላ ወጣች። ደም ማቅጠኛውን ለወራት ዋጠች። ዛሬ ደህና ናት፤ ደረጃውን ከእኔ ቀድማ ትወጣለች። እንዴት እንደማመሰግን አላውቅበትም። በጠዋት ስትስል ስሰማ እነቃለሁ፤ ከዚያ ዝም ስትል «ተመስገን» እላለሁ። ከዚህ ረዘም ያለ ምስጋና የለኝም።

ለንስሐ አባቴ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ኩራቴንም ማሸቴንም። ስለ ማሸቱ ምንም አላሉኝም። ስለ ኩራቱ ግን «ለታመመች ልጅ ውኃ መስጠት ያንቺ ጾም ነበር» አሉኝ። ጾሙንም ስግደቱንም አልወቅስም። ዛሬም እጾማለሁ፣ እሰግዳለሁ። የምወቅሰው ምክንያቱን ሳልጠይቅ አውቃለሁ ማለቴን ነው። እግሯን ያመማት ከስግደቱ ነው አልኩ፤ ሐሙስ ዕለት ግን እሷ ገና አልሰገደችም ነበር።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ እንደ እኔ እጃችሁ የሚመረቅላችሁ፣ ልለምናችሁ። ሁለቱም እግሮች ካመሙ ምናልባት ድካም ነው። አንዱ ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ከጠጠረ እጃችሁን አንሡ። ይልቁንም ሰውዬው በቅርብ በፍሉ ወይም በሌላ ሕመም ተኝቶ ከነበረ። የትንፋሽ ማጠር ከተጨመረበት ደግሞ ደቂቃም አትቆዩ። ሐኪም ፊት ስትቀርቡ የሠራችሁትን ሁሉ ተናገሩ። የሚያሳፍረውን አስቀድሙት።

ሶስና መንዳት አስተማረችኝ፤ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። በቀጣዩ ስቅለት ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው አዳራሹ ውስጥ ወንበር ደርድረው ጠበቁኝ። አሁን ከመንካቴ በፊት እጠይቃለሁ። ሁለቱም ነው አንዱ? ሰሞኑን ታመሽ ነበር? አልማዝ «ዝም በሉ፣ ዶክተሯ ገብታለች» እያለች ታስቃቸዋለች።

አንዲት ሴት ግራ እግሯን ብቻ ዘረጋችልኝ። ሌላውስ አልኳት። ደህና ነው አለች። ሰሞኑን ጉንፋን አስተኝቷት እንደነበር ነገረችኝ። ዘይቱን ከእጄ ጠረግሁና የመኪናዬን ቁልፍ አነሣሁ። ኧረ ስግደት ነው፣ እሺኝ በቃ እያለች ተለማመጠችኝ። ይዣት ሄድኩ። በመንገድ ሁሉ ታጉረመርም ነበር።

በአልትራሳውንድ አዩዋት። ጡንቻ ነው፣ ምንም የለም ተባለ። ልጆቼ ቤት ሆነው ይጠብቁኛል፣ በከንቱ አስመሸሽኝ ብላ ተቆጣችኝ። ይቅርታ ጠይቄ ቤቷ አደረስኳት።

ከሆስፒታል እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ወጥቼ አላውቅም።